ስለ ምሽት ጨዋታ

ሰው በቀን በሥራው ይታወቃል፤ በምሽት ግን በጨዋታው ይመረመራል። በቀን የሚሠራውን ሥራ አለቃ ያዝዘዋል፥ ችግር ያስገድደዋል፥ ልማድም ይመራዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ማንም የማያዝዝበት ሰዓት ይመጣለታል። ይህችን ሰዓት በምን እንደሚያሳልፋት ማየት የሰውየውን ብቻ ሳይሆን የከተማውንም ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ስለ ምሽት መዝናኛ መጻፍ ቀላል ነገር መስሎ ቢታያችሁም ቀላል አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ቃል የሚሰጡ ሽማግሌዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ሳያዩ መፍረድ ነው። እኔም በመምህርነት በቈየሁባቸው ዓመታት ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ፤ እንዴት እንደ ሠራሁትም በቦታው እናገራለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጊዜ ስላገኘሁ የማወግዘውን ነገር አስቀድሜ በዓይኔ ለማየት ቈርጬ ተነሣሁና፥ በሐዋሳ ከተማ ሦስት ምሽቶች አሳለፍሁ። ያየሁትን መልካሙንም ክፉውንም በሚዛን አድርጌ አቀርባለሁ።

ሚዛኔ ምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በአማርኛችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል። ልጆች በሜዳ ሲሯሯጡ «ይጫወታሉ» እንላለን፤ ሁለት ሽማግሌዎች በጥላ ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩም «ይጫወታሉ» እንላለን። እንግዳ ወደ ቤታችን ሲገባ «እስቲ ተጫወቱ» የምንለው እንዲዘልልን ሳይሆን እንዲያወጋን ፈልገን ነው። «ተጫዋች ሰው» ብለን የምናመሰግነውም ንግግሩ የሚጥመውን ነው። ቋንቋችን ደስታንና ወግን በአንድ ስም መጥራቱ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል። እንግዲህ ማናቸውንም የምሽት መዝናኛ የምመዝነው በዚህ ነው፤ ሰዎች አብረው ከዋሉበት ከመሹበት ሲለያዩ በመካከላቸው ጨዋታ ተጫውተዋልን? ወይስ ሳይተዋወቁ ገብተው ሳይተዋወቁ ወጥተዋል?

እኔ ራሴ ምሽትን በደንብ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ደወል ተደውሎ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ዳንኪራና መጠጥም በአንድ ረድፍ ከኃጢአት መዝገብ ውስጥ ተጽፈው ነበር። ከዚያ ስወጣ ደግሞ የደርግ ዘመን ደረሰና ሰዓት እላፊ ታወጀ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ለጭፈራ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል፥ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። ስለዚህ የእኔ ትውልድ ምሽትን የሚያውቀው ወይ በደወል ወይ በሰዓት እላፊ ነው። ደወልም ሰዓት እላፊም የማይከለክለው ወጣት ግን የራሱን ምሽት ራሱ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ይህም ከሁለቱ ይልቅ የከበደ ነው።

ሐዋሳን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮም የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ሙሽሮች ለጫጉላ፥ ባለሥልጣኖች ለስብሰባ፥ ምእመናን ለገብርኤል ክብረ በዓል፥ ሌሎችም ለዕረፍት ይመጡባታል። ከ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጅ ጀምሮ እያደገ የመጣው ዩኒቨርሲቲዋ ብዙ ተማሪዎችን ይዟል፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም ከየገጠሩ ብዙ ሴቶች ልጆችን ለልብስ ስፌት ሥራ ሰብስቧል። እንግዲህ እንግዳና ወጣት በበዛበት ከተማ የምሽት ንግድ መብዛቱ የሚያስደንቅ አይደለም። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቋም አንድ ጠባይ አለው፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፥ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያውን ምሽት ያሳለፍሁት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ከመምሸቱ በፊት ወደ አሞራ ገደል ሄጄ ነበር፤ በዚያ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶና አምባዛ ያወጣሉ፥ ልጆች ይገፍፋሉ፥ አባ ኮዳዎችም ራሳቸው የተመለጠ ዳኞች መስለው በዙሪያ ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣቶች በሐይቁ ዳር በቅጥሩ ላይ ይደረደራሉ። አንዷ ጀበናዋን ጥዳ ቡና ታፈላለች፤ አንዱ ልጅ ቆሎ ይዞ ይዞራል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ውኃውን ከበስተ ኋላ አድርጎ ጥንዶችን ያቆማል። ሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ተቀምጬ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ስለ ፈተና፥ ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ታመመች እናት፥ ስለ ጋብቻም ይነጋገሩ ነበር። የከፈልሁት የአንድ ስኒ ቡናና የአንድ ስፍር ቆሎ ዋጋ ብቻ ነው። በእኔ ሚዛን ይህ ምሽት ከሦስቱ ሁሉ ይበልጣል።

ነገር ግን ጉድለት የለውም አልልም። የጠጡበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ውኃው የሚወረውሩ አየሁ። ከዚህም የከፋ፥ በአጠገባቸው በሚያልፉ ሴቶች ልጆች ላይ ቃል የሚወረውሩ ጐረምሶችን አየሁ። አንዱን «ይህ ምንድን ነው?» ብለው «ጨዋታ ነው ጋሼ» አለኝ። አይደለም። ጨዋታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ወድዶ ይመልሳል። ለከፋ ግን የአንድ ወገን ነው፤ ተናጋሪው ይስቃል፥ ሰሚዋ አንገቷን ደፍታ እርምጃዋን ታፋጥናለች። አንገት እያስደፋ የሚያስቅ ነገር ሁሉ በጨዋታ ስም ሊጠራ አይገባውም።

በሁለተኛው ምሽት የባህል ምሽት ከሚባሉት ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ግድግዳው በሰሌንና በቆዳ ያጌጠ፥ መቀመጫው በርጩማ፥ ጠጁም በብርሌ የሚቀርብበት ነው። ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ይዞራል። የአዝማሪ ሙያ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታ ሙያ ነው። እንግዳው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፤ ሰሙን ለሁሉ፥ ወርቁን ለሚገባው አድርጎ ይመልሳል። እንደዚህ ባለው ቤት እንግዳው ተመልካች ብቻ ሳይሆን ባለ ድርሻ ነው።

እኔ የደረሰብኝ ግን ሌላ ነው። አዝማሪው ስሜንና ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ወዲያውም ጀግና፥ ቸር፥ የድሃ አባት እያለ ያወድሰኝ ጀመር። ብር አውጥቼ በግንባሩ ላይ እስክለጥፍለት ድረስም ከፊቴ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ በአጠገቤ ወደ ነበረው ነጋዴ ዞረና ስሙን ብቻ ለውጦ ያንኑ ውዳሴ አንድ ቃል ሳያጐድል ደገመለት። ድሃ አባቱ ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ቀረ። አዝማሪውን ብቻ አልወቅስም፤ ሁላችንም ውዳሴ ገዝተን እንሄዳለን እንጂ ግጥም ይዘን አንመጣምና ነው።

በዚያ ምሽት ግን አንዲት ልጅ አዳነችን። ከባልንጀሮቿ ጋር በጥግ ተቀምጣ የነበረች የስፌት ሠራተኛ «ተቀበል» ብላ ስለ መርፌና ስለ ክር ሁለት መሥመር ሰጠች። ሰሙ ስለ ልብስ ስፌት ነው፤ ወርቁ ግን ስለ ደመወዟ ማነስ ነበር። አዝማሪው ለጥቂት ጊዜ ቆም አለ፤ ነገሩ ሲገባው ሣቀና በአዲስ ዜማ መለሰላት። ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ብዙዎቹ ነገሩን ያውቁታል፤ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከምትሰጠው አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ከተወገደች ወዲህ በዚያ ፓርክ ሥራ ያጡ ብዙዎች ናቸውና። ያችን አንድ ደቂቃ ከምሽቱ ላይ ብትቀንሱት የሚቀረው ሒሳብ መክፈል ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምሽት ወደ ናይት ክለብ የሄድሁበት ነው። በራሴ ፈቃድ እገባ ነበር ለማለት አልደፍርም። በዚያ ቀን በገበያ ስዘዋወር አንድ ጐልማሳ «ጋሼ!» ብሎ እጄን ያዘ። ከብዙ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ያስተማርሁት ልጅ ነው። አሁን በዚህ ከተማ በአንድ የጭፈራ ቤት የወጥ ቤት ኀላፊ መሆኑን ነገረኝና፥ የምሽቱን ነገር እየመረመርሁ እንደ ሆነ ስነግረው «እንግዲያው ማታ ይምጡ፤ በጓዳ በኩል አስገባዎታለሁ» አለኝ።

ከሌሊቱ በአምስት ሰዓት ገባሁ። በመጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። የሲዳማው ዜማ ሲያበቃ የወላይታው፥ ከዚያም የጉራጌው፥ የኦሮሞው፥ የጐንደሩ፥ የትግርኛው ይከተል ነበር፤ ወጣቶቹም ሁሉንም እያንዳንዱን እንደየአገሩ ይጨፍሩት ነበር። የአንዱ አገር ልጅ የሌላውን አገር እስክስታ ሳያፍርና ሳያሾፍ ሲጫወት ማየት ደስ ያሰኛል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ዳንኪራን ሁሉ በአንድ ስም እንድንኰንን ያስተማሩን ሰዎች ይህን ቢያዩ ፍርዳቸውን ጥቂት ያለዝቡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የሚነቀፈው ግን ከዚህ ይበዛል። ድምፁ ደረትን ይመታል፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች አይሰማሙም። አንድ ወጣት ለባልንጀራው አንድ ነገር ሊነግረው አፉን ከጆሮው ላይ አድርጎ ሲጮኽ አየሁ። ያኛው አልሰማም። ሁለተኛ ጮኸ፤ አልሰማም። ሦስተኛ ጮኸና ተስፋ ሲቈርጥ ጠርሙሱን አነሣ፤ ያኛውም አነሣ፤ አጋጩና ጠጡ። ከዚያ በኋላ ሊነግረው የፈለገውን ነገር ሁሉ በጠርሙስ ይመልሰው ነበር። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ አባቶቻችን፤ በዚያ ቤት ግን ብቅሉ ቢያወጣውም የሚሰማው ሰው የለም። ምናልባት ልጁ አንድ ጭንቀት ነበረበት። ለዚያ ጭንቀት መጥቶ፥ የመጣበትን ሳይናገር ሰክሮ ወጣ። ባዶ ጠርሙሶቹም ቍጥራቸው እንዲታይ ከገበታው ላይ አልተነሡም ነበር፤ የጠጣውን ያህል ሰው የሆነ ይመስል።

ሕጉን በተመለከተም እናንተ ልታውቁት ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻንም ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ትንባሆ ማጨስንም እንዲሁ። ይህ ሕግ የወጣው ደስታችሁን ለመቀማት አይደለም። የገና ያልበሰለ አእምሮና ሰውነት በአልኮል ይበልጥ ስለሚጐዳ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ድምፁ ስለ ከበደኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሦስት አስተናጋጆች ጫማቸውን አውልቀው በሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጠዋል። ለምን ወደ ቤታቸው እንደማይሄዱ ብጠይቅ፥ ሲነጋ ታክሲ እስኪገኝ እንደሚጠብቁ፥ በዚያ ሰዓት በእግር መሄድ እንደሚያስፈራቸው ነገሩኝ። ተማሪዬም እጁን እየጠረገ መጣና ሻይ ሰጠኝ። በዚያ ጊዜ ነው ለብዙ ዓመት የረሳሁት ነገር የተመለሰልኝ።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ ይህ ልጅ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በመጠጥ ቤት በር በሌሊት ታየ ተብሎ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀረበ። ከኮሚቴው አባሎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ተነሥቼ ስለ ወጣቶች መበላሸት ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ንግግሬም አማረ ተባለ። ልጁ ተባረረ። በዚያ ጓዳ ውስጥ ያን ቀን አስታውሼ «ለመሆኑ ያን ጊዜ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እናቴ እዚያ ወጥ ትሠራ ነበር» አለኝ። «ሌሊት ብቻዋን እንዳትመጣ ልወስዳት እሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«የጠየቀኝ የለም፥ ጋሼ። ደግሞም እናቴ መጠጥ ቤት ትሠራለች ብዬ በዚያ ሁሉ መምህር ፊት ለመናገር አፈርሁ።»

የምመልሰው አጣሁ። እርሱ ግን ቂም የያዘ አይመስልም ነበር፤ ሻዬን ጨመረልኝ። ወጣቶች ሆይ፥ በሌሎች ጆሮ ላይ የሚጮኽ ሙዚቃ ጨዋታን ይገድላል ብዬ ነቅፌ ነበር። የእኔ ንግግርስ ምን ነበር? እርሱም እንዲሁ ከፍ ያለ ድምፅ ነበር፤ አንድ ልጅ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንዳይናገር ከለከለው። ሳይጠይቁ መፍረድና ሳይሰሙ መጨፈር አንድ ዐይነት ጉድለት መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያች ሌሊት ነው።

ይህ የምሽት ነገር የሐዋሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮጳ በአልፕስ ተራሮች ላይ ለበረዶ መንሸራተት የሚመጡ ሰዎች የሚያርፉባቸው መንደሮች አሉ። ይህ ጨዋታ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ሮቤል ተክለ ማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በበረዶ መንሸራተት ተወዳድሮ በዚያ መድረክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። በእነዚያ መንደሮች ግን ቀን ለበረዶው የመጣው ሰው ከሰዓት በኋላ ሲወርድ የበረዶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መጠጥ ቤት ይገባል፤ ይህንንም «አፕሬ ስኪ» ይሉታል። የመንደሮቹም ንግድ ከበረዶው እኩል በዚህ ላይ ተመሠረተ።

በኦስትሪያ፥ በቲሮል ያለችው ኢሽግል የምትባለው ትንሽ መንደር በዚህ ትታወቅ ነበር። በየካቲት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመጠጥ ቤቶቿ በአንዱ የሚሠራ ሰው የኮሮና በሽታ እንደ ያዘው ታወቀ። በጠባብ ቤት ተጨናንቀው አፍ ለጆሮ የሚጮኹ ሰዎች ለእንዲህ ያለው በሽታ ምን ያህል እንደሚመቹ መገመት አያስቸግርም። መንደሪቱ በመጋቢት 4 ቀን ተዘጋች፤ እንግዶቹ ግን በሽታውን ይዘው ወደ ብዙ አገሮች ተበትነው ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ሹማምንቱ መዝጋት ከሚገባቸው ጊዜ መዘግየታቸውን ተናገረ። በዚያ ዳንኪራ ላይ ያልነበሩ፥ በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎችም ዕዳውን ከፈሉ። የምሽት ደስታ ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ በኢሽግል በሩቅ ዘመድ ላይ ወደቀ፥ በሐዋሳ በሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ንጋትን በምትጠብቅ ልጅ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ መልካም ምሽት የት ይገኛል ብትሉኝ፥ ሩቅ አትሂዱ። የሲዳማ ሕዝብ ፍቼ ጫምባላላ የሚባል የዘመን መለወጫ አለው፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። ቀኑን የሚወስኑት ኮከብ የሚቈጥሩ አዋቂዎች ናቸው። በፍቼ ምሽት ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ የቤቱ ትልቅ ሴት ከቆጮ፥ ከቅቤና ከወተት የተሠራውን ቡርሳሜ ታቀርባለች፤ በማግስቱም ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ምኞት ይናገራሉ፥ በየቤቱም ይበላሉ። በጉዱማሌ ሕዝቡ በቄጣላ ዜማ ይገናኛል፤ ሽማግሌዎችም ስንፍናን፥ ሌብነትን፥ በሐሰት መመስከርንና ዛፍ መቍረጥን አውግዘው ይመክራሉ። በዚህ ምሽት ዘፈን አለ፥ ጭፈራ አለ፥ ጥጋብም አለ። ነገር ግን አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ገበታ ላይ ይሰማማሉ። ደስታ የሚጠፋው ሰው ሲሰማማ ነው የሚል ካለ፥ እዚያ ሄዶ ይይ።

በዓል ግን በየሳምንቱ አይመጣምና ለዘወትሩ ምሽት የምመክራችሁ ጥቂት ነው። ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ባልንጀራ ይዛችሁ ውረዱ፤ አዝማሪ ቤት ስትገቡ ብር ብቻ ሳይሆን ግጥምም ይዛችሁ ግቡ። የባልንጀራችሁን ድምፅ መስማት ካልቻላችሁበት ቤት ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ውጡና በመንገድ እየሄዳችሁ ተጫወቱ። ለመታየት አትጠጡ። ከእናንተ ጋር የወጣች ሴት በሰላም ቤቷ ሳትገባ ምሽቱ አለቀ አትበሉ። ነገ የምሽት ቤት ባለቤት የምትሆኑም ከእናንተ መካከል አትጠፉም፤ ድምፁን ጥቂት ዝቅ አድርጉት፥ ሠራተኞቻችሁን በሌሊት ወደ ቤታቸው የሚያደርስ መኪና መድቡ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ገበታ ባዶ ጠርሙሶች ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሐይቁን አስታውሱልኝ ብያችሁ ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የተጣለበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ወደ ጐረቤት አገር አይፈስለትም። የወጣትነት ምሽትም እንደዚሁ ነው። የጨመራችሁበት ሁሉ፥ ለከፋውም ስካሩም፥ መልካሙ ወግና ባልንጀርነቱም፥ ከእናንተው ጋር ይቀራል።

ሲነጋ ተማሪዬ አስተናጋጆቹን እስከ ታክሲው ሸኘ፤ ይህ ልማዱ ከእናቱ ዘመን ጀምሮ እንዳልተለወጠ አየሁ። ከዚያም እኔን ወደ አሞራ ገደል ወሰደኝ። የዓሣ ሾርባ አዘን አባ ኮዳዎቹ በዙሪያችን ቆመው እስከ እኩለ ቀን ድረስ ተቀመጥን። በዚያ ቀን አላስተማርሁም፤ ስለ እናቱ ጠየቅሁት፥ እርሱም ነገረኝ። ተጫወትን።